ፋኖስ ያዦቹ፦ የማሞዝ ዋሻ አስጎብኚዎች ታሪክ

ወደ ማሞዝ ዋሻ መብራት ይዘው የገቡት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ስማቸውን አልተዉልንም። የተዉልን የችቦአቸውን ስብርባሪ ነው። ከዛሬ 5,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ አሁን ኬንታኪ በሚባለው የአሜሪካ ክፍለ ግዛት፣ ከግሪን ወንዝ በላይ በኮረብታ ጎን የተከፈተውን ሰፊ አፍ አልፈው፣ የደረቀ ሸምበቆ አስረው እያነደዱ ወደ ውስጥ ዘለቁ። አንድ እስር ሸምበቆ ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ትርፍ ችቦ ተሸክመው፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን እየለኮሱ ብዙ ኪሎ ሜትር ተጓዙ። ከግድግዳው ላይ ጄሶና ሌሎች ማዕድናትን በድንጋይ እየፋቁ ይወስዱ ነበር። ዋሻው ደረቅ በመሆኑ ከቃጫ የጎነጎኑት ጫማ ሳይቀር ሳይበሰብስ ቆይቷል። ከመካከላቸው አንዱ ማዕድን ሲፈልግ ቋጥኝ ተጭኖት ሞቶ፣ አስከሬኑ እዚያው ደርቆ በ1935 ተገኝቷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት ግን ሰዎቹ ወደ ጥልቁ መግባቱን ተዉት።

ይህን ያህል ርቀት ከመሬት በታች በእግር መሄድ የተቻለው በድንጋዩ ተፈጥሮ ምክንያት ነው። የአካባቢው የኖራ ድንጋይ ከ300 ሚሊዮን ዓመት በፊት በነበረ ጥልቀት የሌለው ባሕር ወለል ላይ፣ ከዛጎልና ከሌሎች የባሕር ፍጥረታት ቅሪት የተነጠፈ ነው። በኋላ አሸዋ ድንጋይ ተደረበበት። የዝናብ ውሃ በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ ይኸው ውሃ በስንጥቁ እየሰረገ የኖራውን ድንጋይ አሟሟው። ከላይ ያለው አሸዋ ድንጋይ ግን እንደ ቤት ክዳን ሆኖ ውሃውን ስለመለሰው የዋሻው ጣሪያ ጸንቶ ቀረ። ግሪን ወንዝ ሸለቆውን እየቆፈረ ዝቅ ባለ ቁጥር የከርሰ ምድሩም ውሃ አብሮት ወረደ። የላይኞቹ መተላለፊያዎች ደረቁ፣ ከሥራቸውም አዳዲሶች ተቦረቦሩ። ስለዚህ ዋሻው ፎቅ በፎቅ ነው፤ ከላይ ደረቅና ሰፊ አዳራሽ፣ ከታች ወንዝ። በጥልቁ ክፍል ሙቀቱ ክረምት ከበጋ ከ12 ዲግሪ ሴልሺየስ ብዙም አይርቅም።

ነጭ ሰፋሪዎች ዋሻውን ያወቁት በ1790ዎቹ መጨረሻ ነው። ሃውቺን የሚባል አዳኝ ያቆሰለውን ድብ ሲከተል አፉ ላይ ደረሰ የሚል አፈ ታሪክ አለ። በሰነድ የተረጋገጠው ግን ዋሻውን የያዘው መሬት በ1798 በግለሰብ ስም መመዝገቡ ነው። ከዚያ ወዲህ ዋሻው ባለቤት አላጣም፣ ባለቤቶቹንም ያበለጸገው በመጀመሪያ አፈሩ ነበር። አሜሪካ በ1812 ከብሪታንያ ጋር ጦርነት ስትገባ ከውጭ የሚመጣው የባሩድ ጥሬ ዕቃ ተቋረጠ፤ የዋሻው አፈር ደግሞ ለባሩድ የሚሆን ናይትሬት ነበረው። ወደ 70 የሚጠጉ በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ወደ ውስጥ ተነዱ። አፈሩን እየቆፈሩ በትላልቅ የእንጨት ሣጥኖች ሞሉት፤ ከውጭ የሚመጣ ውሃ አፈሰሱበት፤ አጥቦ የወጣውን ፈሳሽ ውስጣቸው በተቦረቦረ ግንዶች መልሰው ወደ ውጭ አስወጡት። እዚያ በእንጨት አመድ ታሽቶና ፈልቶ ክሪስታል ይሆን ነበር። ሣጥኖቹና የግንድ ቧንቧዎቹ ዛሬም ሮተንዳ በተባለው አዳራሽ ውስጥ እንዳሉ ይታያሉ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የመጥረቢያውን ምልክት በእንጨቱ ላይ ማየት ይቻላል፤ መጥረቢያውን የያዙት ሰዎች ስም ግን አልተጻፈም።

ጦርነቱ ሲያበቃ ዋጋው ወደቀ፣ ሥራውም ቆመ። ባለቤቶቹ ሌላ ገቢ ፈለጉ፤ ከ1816 ጀምሮ ገንዘብ እየከፈሉ ዋሻውን የሚያዩ እንግዶች መግባት ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ዓመታት ብዙ የሚነገርላቸው አይደሉም። እንግዶቹ የሚያዩት የታወቁትን ደረቅ አዳራሾች ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ጥልቅ ገደል መንገዱን ይዘጋ ነበር።

በ1838 ፍራንክሊን ጎሪን የሚባል በኬንታኪዋ ግላስጎ ከተማ የሚኖር ጠበቃ ዋሻውን በ5,000 ዶላር ገዛው። አስጎብኚ እንዲሆን ያመጣው ስቲቨን ቢሾፕ የሚባል፣ የ17 ዓመት ገደማ ወጣት ነው። ስቲቨን በባርነት የተያዘ የጎሪን ንብረት ነበር። መንገዱን እንዲያውቅ ከቆዩት ሠራተኞች ጋር ጥቂት ጊዜ አስገቡት፤ ብዙም ሳይቆይ ከአስተማሪዎቹ በለጠ። ሥራው እንግዳ ማስገባትና ማስወጣት ብቻ ነበር። ከዚህ ያለፈ ነገር ማንም አልጠየቀውም። እሱ ግን እንግዳ በማይኖርበት ሰዓት ብቻውን ፋኖስ ይዞ ማንም ያልረገጣቸውን ጠባብ ቀዳዳዎች እየዳበሰ ይገባ ጀመር።

በዚያው ዓመት፣ «መጨረሻ የሌለው ጉድጓድ» በሚባለው ገደል አፍ ላይ ከአንድ ደፋር እንግዳ ጋር ቆመ። ገደሉ ወደ 32 ሜትር ይጠልቃል። በላዩ መሰላል ጋደም አደረጉና በሆዳቸው እየተሳቡ ተሻገሩ። በዚያ ማዶ ያለውን ዋሻ የዚያ ዘመን ሰው አያውቀውም ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራትና ዓመታት ስቲቨን ያገኛቸው ቦታዎች ጎብኚዎች እስከ ዛሬ የሚሄዱባቸው ናቸው፤ ወፍራም ሰው ተጨንቆ የሚያልፍበት ጠመዝማዛ ስንጥቅ፣ ከፍ ያሉ ጉልላቶች፣ ከሁሉም በታች ጨለማ ውስጥ የሚፈሱትን ወንዞች። ከወንዞቹ አንዱ ድምፅ ስለሚመልስ ኤኮ ተባለ። ውሃው ውስጥ ዓይን የሌላቸው ነጭ ዓሦች ነበሩ። ከዚያ የተወሰዱት ዓሦች ሳይንቲስቶች እጅ ገቡና በ1842 ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ ስም ተመዘገቡ። ዓሣው በዓለም ሲታወቅ፣ ወደ ወንዙ መንገድ የከፈተው ወጣት በሕግ ፊት እንደ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ነበር።

ተሸጠም። በ1839 የሉዊቪል ከተማ ሐኪም ዶክተር ጆን ክሮገን ዋሻውን፣ በአጠገቡ የነበረውን ሆቴልና ስቲቨንን አንድ ላይ በ10,000 ዶላር ገዛ። ክሮገን መንገድ አሠራ፣ ሆቴሉን አሰፋ። ከስቲቨን ጋር ያስጎበኙ የነበሩት ማት ብራንስፎርድና ኒክ ብራንስፎርድ ናቸው፤ ናሽቪል ከሚኖረው ጌታቸው ከቶማስ ብራንስፎርድ በዓመት 100 ዶላር ተከራይተው መጡ። ሁለቱ የጌታቸውን ስም ይጋሩ እንጂ የሥጋ ዝምድና አልነበራቸውም። ማት ግን የራሱ የቶማስ ብራንስፎርድ ልጅ እንደነበር በቤተሰቡ ሲነገር ኖሯል። አባት ልጁን አከራየ ማለት ነው።

የዚያ ዘመን ጉብኝት ምን እንደሚመስል ተጓዦች በጻፉት ማስታወሻ ሁሉ አለ። ወደ ወንዞቹ የሚወስደው ረጅሙ ጉዞ ሙሉ ቀን ይፈጃል። አስጎብኚው የምሳ ቅርጫትና የዘይት ዕቃ ተሸክሞ ከፊት ይሄዳል፤ እንግዶቹ እያንዳንዳቸው በስብ የሚነድ ትንሽ ፋኖስ ይይዛሉ። ወይዛዝርቱ ረጅም ቀሚሳቸውን አውልቀው ለመውጣትና ለመውረድ የሚመች ልብስ ይለብሳሉ። ጣሪያው ከፍ ባለበት አስጎብኚው የተለኮሰ ችቦ ወርውሮ ሩቅ ጠርዝ ላይ ያሳርፋል፤ ጨለማው ሲገፈፍ የአዳራሹ ስፋት ይገለጣል። ኤኮ ወንዝ ላይ በጀልባ እያሳፈረ ይዘምራል፣ ግድግዳውም ዜማውን ይመልሳል። የከዋክብት ክፍል በሚባለው አዳራሽ ደግሞ እንግዶቹን ቁጭ አድርጎ ፋኖሶቻቸውን ሰብስቦ ይሄዳል። ከመታጠፊያው ጀርባ የሚመጣው ደብዛዛ ብርሃን ጥቁር ሽፋኑ በየቦታው ተቀርፎ ነጭ በታየበት ጣሪያ ላይ ሲያርፍ፣ ሰዎቹ ክፍት ሰማይ ሥር የተቀመጡ ይመስላቸዋል። ፈላስፋው ራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን በ1850 ይህን አይቶ ስለ ምትሐት የጻፈውን ድርሰት በእሱ ጀምሯል። ሰማዩን የሠራው አስጎብኚው ነው። ፋኖሱን የት እንደሚያኖር፣ መቼ ዝም እንደሚል፣ መቼ እንደ ንጋት ቀስ ብሎ እንደሚመለስ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ እኔ ይህን ከታላላቅ የትርኢት ሙያዎች ተራ አሰልፈዋለሁ።

በ1842 ክሮገን ስቲቨንን ሉዊቪል አጠገብ ወዳለው ሎከስት ግሮቭ ወደተባለው የቤተሰቡ ርስት ወሰደው። ስቲቨን እዚያ ተቀምጦ፣ ከዋሻው ርቆ፣ ሙሉውን ዋሻ ከትውስታው በካርታ ሣለ። ካርታው በ1845 አንድ የጉብኝት መጽሐፍ ውስጥ ሲታተም ስሙ ተጠቅሶ ነበር። በዚያ ዘመን በባርነት የተያዘ ሰው በሥራው ስሙ ሲነሣ ብዙም አይታይም። ከአርባ ዓመት በላይ የዋሻው ዋና ካርታ ሆኖ አገልግሏል። ርዝመቱና ማዕዘኑ እንደ ቀያሽ መሣሪያ ልክ አይደለም፤ የትኛው መንገድ ከየትኛው እንደሚገናኝ ግን በሚገርም ሁኔታ ትክክል ነው። ይህ ሰው ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ በፋኖስ ያየውን አገር በጭንቅላቱ ይዞ ይዞር ነበር። ፊደል የለየው እንግዶች በሻማ ጭስ ስማቸውን በጣሪያው ላይ ሲጽፉ እያየ እንደሆነ ይነገራል። የራሱም ስም በብዙ ቦታ በጥቀርሻ ተጽፎ ይታያል፤ የማትና የኒክም እንዲሁ። ማንበብና መጻፍ ለባሪያ አደገኛ ተብሎ በሚታይበት አገር እነዚህ ሦስት ሰዎች ስማቸውን ማንም ሊደርስበት በማይችል ጣሪያ ላይ አኖሩ።

በዚያው በ1842 መገባደጃ ክሮገን አንድ ከባድ ሙከራ ጀመረ። የዋሻው አየር ክረምት ከበጋ የማይለዋወጥ ስለሆነ ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን መድኃኒት ይሆናል ብሎ አመነ። በባርነት የተያዙት ሠራተኞች ውስጥ ጎጆዎች ቀለሱ፤ አሥራ አምስት ገደማ ሕሙማን ገብተው መኖር ጀመሩ። ምግባቸው በጨለማ ውስጥ ይበስላል፣ የምድጃውና የመብራቱ ጭስ መውጫ የለውም፣ ሳሉ ባሰ። በዚያ የሚያልፉ ጎብኚዎች ከጎጆዎቹ የሚወጡ ገርጥተው የከሱ ሰዎችን ያዩ ነበር። በ1843 መጀመሪያ የተወሰኑት እዚያው ሞቱ፣ ቀሪዎቹ ወጡ፣ ሙከራው ተዘጋ። ክሮገን ራሱ በ1849 በዚያው በሽታ ሞተ። ሁለት የድንጋይ ጎጆዎች ዛሬም ቆመዋል፤ አስጎብኚዎችም ሳያስቆሙባቸው አያልፉም።

የክሮገን ኑዛዜ ዋሻውን ለወንድሞቹና ለእኅቶቹ ልጆች ሰጠ፤ ባሮቹ ደግሞ ከሞቱ ሰባት ዓመት በኋላ ነፃ እንዲወጡ አዘዘ። በዚህ መሠረት ስቲቨን በ1856 ከሚስቱ ከሻርሎትና ከልጁ ከቶማስ ጋር ነፃ ወጣ። ለእንግዶቹ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ላይቤሪያ እንደሚሄድ ሲናገር ነበር። አልሄደም። በ1857 ክረምት በ37 ዓመቱ ገደማ አረፈ፤ ነፃ ሰው ሆኖ የኖረው አንድ ዓመት ብቻ ነው። ብዙ ዓመት መቃብሩ ድንጋይ አልነበረውም። በ1881 የፒትስበርጉ ጄምስ ሜለን፣ ሌላ ሰው አዝዞ ሳይወስደው የቀረውን የመቃብር ድንጋይ የቀድሞው ስም ተፍቆ የስቲቨን እንዲቀረጽበት አደረገ። የመጀመሪያው የማሞዝ ዋሻ አስጎብኚና አሳሽ ይለዋል፤ የሞተበት ዓመት ግን በስሕተት 1859 ተብሎ ተቀርጿል።

ማትና ኒክ በክሮገን ኑዛዜ ነፃ አልወጡም፤ ጌታቸው ክሮገን አልነበረምና። ማት አግብቶ ልጆች ወለደ፤ ሚስቱና ልጆቹ የሌላ ጌታ ስለነበሩ ሦስቱ ልጆቹ ከእጁ ተወስደው ተሸጡ። በማግስቱም ተነሥቶ ፋኖሱን ይዞ እንግዳ ማስገባት ነበረበት። ይህን ሳስብ የዚያ ዘመን ተጓዦች ስለ ማት ትሕትናና ጨዋነት የጻፉትን ሳላዝን ማንበብ አልችልም። ኬንታኪ በእርስ በርሱ ጦርነት ከሰሜኑ ወገን ስለቀረች የሊንከን የነፃነት አዋጅ አልደረሳትም፤ ባርነት እዚያ የቀረው በታኅሣሥ 1865 በሕገ መንግሥቱ ማሻሻያ ነው። ከዚያ በኋላ ማትም ኒክም ዋሻውን አልለቀቁም። አሁን ግን ደመወዛቸው የራሳቸው ሆነ፤ ሙያውም ከአባት ወደ ልጅ ይወርድ ጀመር።

በ1866 ቻርልስ ዋልዳክ የሚባል የሲንሲናቲ ፎቶ አንሺ ማግኒዚየም እያነደደ ውስጡን በፎቶግራፍ ቀረጸ። በ1908 ደግሞ ማክስ ኬምፐር የሚባል ወጣት ጀርመናዊ መሐንዲስ መጣ። ከእሱ ጋር ወራት ሙሉ እየተሳበና እየዋኘ የቀየሰው የስቲቨን ዘመድ ኤድ ቢሾፕ ነው፤ ሁለቱ አዲስ አዳራሾችም አገኙ። ካርታቸው እጅግ ትክክል ስለነበር ባለቤቶቹ ደበቁት፤ ዋሻው ከመሬታቸው ወሰን አልፎ በጎረቤት እርሻ ሥር መሄዱን ያሳይ ነበርና።

የደበቁበትም ምክንያት ነበራቸው። በ1920ዎቹ የአካባቢው ገበሬ ሁሉ ዋሻ ፈልጎ ለጎብኚ መክፈት ጀመረ፤ ሰዎች በየመንገዱ ቆመው አንዱ የሌላውን እንግዳ ይነጥቃል። ፍሎይድ ኮሊንስ የሚባል ጎበዝ አሳሽ በዚህ ፉክክር የተሻለ ቦታ ላይ ያለ ዋሻ ሲፈልግ፣ ጥር 30 ቀን 1925 በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ እግሩን ድንጋይ ያዘው። ከሁለት ሳምንት በላይ ሬዲዮና ጋዜጣ አገሩን ሁሉ እያስጨነቁ ዘገቡ፣ አዳኞች ጉድጓድ ቆፈሩ፤ ሲደርሱበት ሞቶ ነበር። ያ ሞት የሕዝቡን ዓይን ወደዚያ ሳበ፤ በዓመቱ በ1926 ኮንግረስ ማሞዝ ዋሻ ብሔራዊ ፓርክ እንዲሆን ፈቀደ።

ለብራንስፎርዶች ግን ፓርኩ መልካም ዜና ይዞ አልመጣም። ጥቁሮች ከነጮች ጋር በአንድ ቡድን እንዳይጎበኙ በሚከለከሉበት በዚያ ዘመን፣ የማት የልጅ ልጅ፣ እሱም ማት የሚባለው፣ ከሚስቱ ከዜሚ ጋር ለጥቁር እንግዶች ማረፊያ ከፍቶ ያስተናግድና ዋሻውን ያሳይ ነበር። ሆቴል ውስጥ አልጋ የማያገኝ ቤተሰብ እዚያ ይበላል፣ ይተኛል፣ በማግስቱ የአያቱን መንገድ በሚያውቅ ሰው እየተመራ ይገባል። ለፓርኩ ተብሎ የብዙ ቤተሰቦች መሬት ሲወሰድ የእነሱም ተወሰደ። በሐምሌ 1941 ፓርኩ በይፋ ሲመሠረትና አስተዳደሩ በመንግሥት እጅ ሲገባ ጥቁሮቹ አስጎብኚዎች አልተቀጠሩም። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ የአንድ ቤተሰብ ሙያ በዚህ ተቋረጠ። ዋሻውን ማንም ከሚያውቀው በላይ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ በቆዳቸው ቀለም ወደ ውጭ ተገፉ።

ዋሻው ግን ማደጉን አላቆመም። ዋሻ ቀያሾች ከጎን ፍሊንት ሪጅ በሚባለው ኮረብታ ሥር ያለውን ሌላ ዋሻ ለዓመታት ሲቀይሱ ቆይተው በ1972 በአንድ ሩቅ የውሃ መተላለፊያ ግድግዳ ላይ ስምና ቀስት አገኙ። ፒት ሃንሰን የሚባል የማሞዝ ዋሻ አሳሽ በ1938 የጻፈው ነበር። ቀስቱን ተከትለው መስከረም 9 ቀን እስከ ደረት በሚደርስ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲሄዱ፣ ከፊት የነበረው ጆን ዊልኮክስ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ብቅ አለና የብረት መደገፊያ አየ። ለጎብኚ የተተከለ መደገፊያ ነበር፤ ከኤኮ ወንዝ ማዶ ባለው የጉብኝት መንገድ ላይ። ሁለቱ ዋሻዎች አንድ መሆናቸው ታወቀ፤ ድምር ርዝመቱ ከ230 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ በዓለም አንደኛ ሆነ። ዛሬ የተቀየሰው ከ680 ኪሎ ሜትር አልፏል፤ ተጨማሪ መንገድም በየጊዜው ይገኛል።

በ1981 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። የጉብኝቱ ሥርዓትም ተለወጠ፤ ችቦ መወርወር ቀረ፣ በጣሪያ ላይ ስም መጻፍ ወንጀል ሆነ፣ ከ2013 ወዲህ ደግሞ የሌሊት ወፎችን የሚገድለው የፈንገስ በሽታ ወደ ሌላ ዋሻ እንዳይዛመት ጎብኚ ሁሉ ሲወጣ በሳሙና ውሃ የራሰ ምንጣፍ ረግጦ ያልፋል። አንዳንዱ ጉዞ አሁንም ኤሌክትሪክ በሌለባቸው መንገዶች በፋኖስ ይደረጋል።

በ2004 የማት ብራንስፎርድ የልጅ ልጅ ልጅ ልጅ የሆኑት ጄሪ ብራንስፎርድ የፓርኩን የደንብ ልብስ ለብሰው አስጎብኚ ሆነው ተቀጠሩ። ያደጉት ከፓርኩ ብዙም በማይርቀው በግላስጎ ከተማ ነው፤ ያ ጠበቃው ፍራንክሊን ጎሪን የኖረባት ከተማ ናት። ከ1941 በኋላ ስድሳ ዓመት አልፎ ከዚህ ቤተሰብ አንድ ሰው እንደገና ቡድን መርቶ ገባ። እንግዶቹን በአሮጌው አፍ አስገብተው፣ የባሩድ ሠራተኞቹን ሣጥኖች አሳይተው፣ በጥቀርሻ የተጻፉት ስሞች ሥር ሲደርሱ የማትን ታሪክ፣ የተሸጡበትን ልጆች ጨምሮ፣ ለሚሰማቸው ሁሉ ይነግሩ ነበር።